ኪቤራን ሄጄ ልየው ወይስ ይቅርብኝ?

የሐዋሳው (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። አንድ ነገር ላማክራችሁ።

ለሥልጠና ናይሮቢ መጥቻለሁ። የምቆየው አራት ሳምንት ነው። አንዱ ሳምንት አልቋል። ያረፍኩበት ቤት ግድግዳ ላይ የጉብኝት ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቀጭኔዎች፣ የዝሆን ግልገሎች፣ ብሔራዊ ፓርኩ። ከሥራቸው ደግሞ "ኪቤራ፣ በእግር፣ የሦስት ሰዓት ጉብኝት" ይላል። ኪቤራ የናይሮቢ ትልቅ የድሆች ሰፈር ነው። መጀመሪያ ሳነበው ደነገጥኩ። ሰው ከዝሆን ቀጥሎ ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ሐሳቡ ግን ከዚያ በኋላ አልለቀቀኝም።

እውነቱን ልናገር፣ ማየት እፈልጋለሁ። ከኤርፖርት ስመጣ ሹፌሩ ከተማ ሳይገባ በደቡቡ ማለፊያ መንገድ ነበር ያመጣኝ። በግራ በኩል ጫካ ነው። በቀኝ በኩል ዓይኔ እስከሚደርስበት የዛገ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። "ምንድን ነው?" ስለው "ኪቤራ" አለኝና ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። ከዚያ ጣሪያ ሥር ሰው እንዴት ውሎ እንደሚያድር ማወቅ ፈልጌያለሁ። የምረዳው ነገር የለኝም። ጋዜጠኛ አይደለሁም። የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛም አይደለሁም። በቃ ማየት ነው የፈለግኩት።

አብሮኝ የሚሠለጥን አንድ ኬንያዊ አለ። ጥሩ ልጅ ነው። ምሳ አብረን ነው የምንበላው። ስለ ኪቤራ ስጠይቀው "ያደግኩት እዚያ ነው፤ እናቴ አሁንም እዚያ ናት" አለኝና ዝም አለ። ከዚያ የእግር ኳስ ወሬ አነሳ። አስቀይሜው ይሁን አላወቅኩም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አደጋው የሚባለውን ያህል ነው ወይ? ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ሰው የሰውን ችግር ለማየት ብቻ ገንዘብ ከፍሎ መሄዱ ነውር አይደለም ወይ? ጉብኝቱ ቅዳሜ ነው። እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለብኝ።

ጋሼ ኢስሊ

እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። እኔ ናይሮቢ መኖር ከጀመርኩ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖኛል። አብዛኛውን ኢስሊ የሚባለው ሰፈር በንግድ ነው ያሳለፍኩት። ኪቤራ የሚኖሩ ደንበኞች ነበሩኝ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

ኪቤራ ከከተማው መሐል ሩቅ አይደለም፤ አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መጀመሪያ የሰፈሩበት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ያገለገሉ ኑቢያውያን ናቸው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ስሙም በእነሱ አፍ ጫካ ማለት ነው። መሐሉን የባቡር ሐዲድ ሰንጥቆት ያልፋል። ሐዲዱ ግራና ቀኝ ሙሉ ገበያ ነው። ባቡር ሲመጣ ሰው ዕቃውን ሰብሰብ ያደርጋል፤ ሲያልፍ መልሶ ይዘረጋል። "ሚሊዮን ሰው ይኖርበታል" ሲባል ትሰማለህ። የ2009 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ያገኘው ግን ወደ 170 ሺህ ነው። መሬቱ በአብዛኛው የመንግሥት ነው። ቤቱ የግለሰብ ነው። አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ነው፤ ብዙዎቹ አከራዮች ደግሞ እዚያ አይኖሩም። ይህን ካላወቅክ ሰዉ ቤቱን ለምን አያድስም ብለህ ትፈርዳለህ።

አደጋውን በተመለከተ፣ ቀን ከሰፈሩ ሰው ጋር ከሄድክ የምትፈራውን ያህል አይደለም። ስልክህን በእጅህ ይዘህ አትሂድ። ይሄ ግን ከተማ መሐልም ያው ነው፤ በማታቱ (በሚኒባስ ታክሲ) መስኮት መንጭቀው የሚወስዱ አሉ። ከመሸ አትቆይ። ሰልፍ ወይም የምርጫ ግርግር ካለ ጭራሽ አትሞክረው። የ2007 እ.ኤ.አ. ምርጫ ማግስት ሐዲዱ ራሱ ተነቅሎ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ገና አልመጣሁም፤ ደንበኞቼ ሲያወሩት ግን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንድ ቃል ላስተምርህ። "ሆዲ" ይባላል። ሰው ደጅ ስትደርስ የምትለው ነው። እንደ እኛ "ቤቶች!" ማለት ነው። "ካሪቡ"፣ ማለትም "ግባ"፣ ካልተባልክ አትገባም። ሰዓታቸውም እንደ እኛ ነው፤ በስዋሂሊ ጠዋት አንድ ሰዓት የእኛው አንድ ሰዓት ነው። ሰው ሲቀጥርህ በየትኛው ቋንቋ እንደነገረህ ልብ በል።

ነውር ነው አይደለም ለሚለው ከእኔ የተሻለ የሚመልስልህ አይጠፋም።

የዘነበወርቅ ልጅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ቀን ልመልስ አልመልስ እያልኩ ቆየሁ። እኔ ከሚጎበኙት ወገን ስለሆንኩ ነው።

ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ቆሼ አጠገብ ነው። ረጲ፣ ከዘነበወርቅ ወረድ ብሎ። ለማታውቁት፣ ቆሼ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ የተደፋበት ቦታ ነው። እናቴ የምትሠራው እዚያ ነበር። ጫፉ የተቆለመመ ብረት ይዛ ጠዋት 12 ሰዓት ትወጣለች። ሃይላንድ፣ ቆርቆሮ፣ ብረታ ብረት፣ የጫማ ሶል ትለቅማለች። ከሰዓት በኋላ ለይታ ለነጋዴ ታስረክባለች። የጭነት መኪናዎቹን በሞተራቸው ድምፅ ትለያቸው ነበር። ከሆቴሎች የሚመጣው ሲደርስ ሰው ሁሉ ይሮጣል። እናቴ ወገቧን ስለሚያማት አትሮጥም። ሌሎቹ ንቀው የተዉትን ስትገላብጥ ግን ባዶ እጇን የገባችበትን ቀን አላስታውስም።

ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች። አልጋው ከገባ በኋላ የተረፈው ቦታ ሁለት ሰው ያቆማል። መስኮት የላትም። ስለዚህ ኑሯችን ደጃፍ ላይ ነበር። ልብስ የሚታጠበው፣ ሽንኩርት የሚከተፈው፣ ሕፃን የሚታጠበው፣ የታመመ ፀሐይ የሚሞቀው፣ ባልና ሚስት የሚጣሉት ደጃፍ ላይ ነው። በሌላ ቤት እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል። ጓዳ አይዘልቅም። ጓዳ ውስጥ የቤቱ ገመና አለ፤ ያልታጠበ ድስት፣ ያልታጠፈ ልብስ፣ ባዶ የዱቄት ዕቃ። የእኛ ጓዳ መንገዱ ነበር። ከውጭ የሚመጣው ሰው ይህን አያውቅም። መንገድ ላይ የሚራመድ ይመስለዋል። የሚራመደው ግን የሰው ጓዳ ውስጥ ነው።

የ11 ዓመት ልጅ ሆኜ የሆነውን ልንገርህ። ቅማል ይዞኝ ነበር። ትምህርት ቤት ተለይቼ ብቻዬን ስለተቀመጥኩ ቅዳሜ እናቴ ከሥራ ቀረች። ፀጉሬን በነጭ ጋዝ አሸችኝ። በፌስታል ጠቀለለችኝ። ከላይ በሻሽ አሰረችኝ። የሞከረው ያውቀዋል፣ ይለበልባል። ጉልበቷ መሐል ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ነው። ቆይታ ፈታችኝና በጥቅጥቁ ማበጠሪያ ማበጠር ጀመረች። ጭኗ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግታለች። እዚያ ላይ የሚረግፈውን አንድ በአንድ በጥፍሯ ትገድላለች። ቀና ስል ስድስት የውጭ ሰዎች ቆመዋል። አንድ የእኛ ሰው፣ አስጎብኚ፣ በእንግሊዝኛ ያወራላቸዋል። እናቴ ልትነሳ ስትል "ችግር የለም እማማ፣ ሥራሽን ቀጥይ" አላት። ካሜራው ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ። የምሸፍንበት ነገር ስላጣሁ ፊቴን እናቴ ቀሚስ ውስጥ ቀበርኩ።

አንዷ ሴትዮ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረችም። ደግሜ እላለሁ፣ ክፉ አልነበረችም። እናቴን 50 ብር ሰጠቻት። ያኔ 50 ብር ብዙ ነው። ያን ዕለት ማታ ዘይትና ስኳር ተገዛ። እኔም በላሁ፣ ጠጣሁ። ገንዘቡ አልጠቀመንም ብዬ አልዋሽህም።

ግን ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ደጃፍ ላይ አበጥራኝ አታውቅም። ቤት አስገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ በኩራዝ ሆነ። ወንድሜ ኩራዙን ክንዱን ዘርግቶ ራቅ አድርጎ ይይዛል። ጋዝ የጠጣ ፀጉር ነውና እሳት እንዳይያያዝ። በኩራዝ ብርሃን ደግሞ ቅማል አይታይም። ከቅማሉ የዳንኩት በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ራሴን ተላጭቼ።

አደጋውን በተመለከተ ደግሞ እኔ የማየው በሌላ በኩል ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚያስበው ለራሱ ነው። ስልኬ ይሰረቅ ይሆን ብሎ። አንድ ጊዜ እውነትም የአንድ ጎብኚ ካሜራ ተሰረቀ። ጎብኚው በመኪናው ተመለሰ። ማታ አፈሳ መጣ። ጎረምሳ የተባለ ሁሉ ተለቅሞ ተጫነ። ታላቅ ወንድሜ ያን ቀን ከቤት አልወጣም ነበር። ሁለት ሌሊት ታስሮ አፍንጫው አብጦ ተመለሰ። ካሜራው አልተገኘም። ያ ጎብኚ ይህን እስከ ዛሬ አያውቅም። ሊያውቅም አይችልም።

እና አትሂድ ልልህ ነው? አይደለም። ታገሠኝ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ የቆሻሻው ተራራ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው አለቀ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የጭቃና የላስቲክ ቤቶቻቸው ከነነፍሳቸው ተቀበሩ። እኛ ያን ጊዜ ወደ አለርት በኩል ተከራይተን ወጥተናል። አብረውን ያደጉት ግን እዚያው ነበሩ። ቆፋሪ ማሽኑ ሲሠራ ዳር ቆመን ነው ያደርነው። በማግስቱ ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጽ ብዙ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ልጇ ገና አልተገኘም። መሬት ላይ ተጥላ ትጮሃለች። አራት ስልክ ፊቷ ላይ ተደቅኗል።

በዚያው ቀን አንዲት ሴት መጣች። ከሳር ቤት ነኝ አለች። ማንንም አታውቅም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ድንኳን ገብታ ከሴቶቹ ጋር መሬት ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀችም። ስንት ሰው ሞተ አላለችም። አለቀሰች፣ ተነሳች፣ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ዳቦ አስጭና ተመልሳ መጣች። ስሟን እስከ ዛሬ አላውቀውም። መልኳን ግን መቶ ሰው መሐል እለየዋለሁ።

እሷም ከውጭ የመጣች ናት። እነዚያም ከውጭ የመጡ ናቸው። ምናልባት ሁሉንም ያመጣቸው ያው ለማየት መፈለግ ነው። እሷ ግን ለቅሶ ደርሳ ነው የሄደችው።

ስለዚህ እኔ የምልህ፣ ጉዳይ ይኑርህ። የሚጠብቅህ ሰው ይኑር። የሚገዛ ነገር ካለ ግዛ። የሚጠየቅ በሽተኛ ካለ ጠይቅ። ጋሼ እንዳሉት ደጅ ደርሰህ "ቤቶች!" በል። እኛን "ቤቶች" ብሎን የገባ አልነበረም።

ስለዚያ አብሮህ ስለሚሠለጥነው ልጅ ላንሳ። ዝም ያለው ለምን ይመስልሃል? አንተ ስለ ኪቤራ ጠየቅከው። እሱ ስለ እናቱ መለሰልህ። እናቱን አልጠየቅክለትም። ነገ ምሳ ላይ ስለ እናቱ ጠይቀው። "ውሰደኝ" አትበለው። ከጠራህ ሂድ። ካልጠራህ ቅር፤ ባታየው የሚጎድልብህ ነገር የለም።

አስጎብኚው

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ያነበብኩት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። መኪና ውስጥ ቆይቼ ነው የወጣሁት።

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። እንጀራዬ ነው። ልከራከርሽ የምፈልገው ነገር አለ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ የምናገረው አለኝ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የለንደን ሀብታሞች ማታ ማታ ምሥራቅ ለንደን ወርደው ድሃውን ያዩ ነበር። አንዳንዱ ለመዝናናት ነበር የሚሄደው። አንዳንዱ ግን አይቶ እዚያው ቀርቶ ትምህርት ቤትና መኖሪያ ያቋቋመ አለ። ማየት ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም። ሕንድ፣ ሙምባይ ውስጥ ዳራቪ የሚባለውን የድሆች ሰፈር የሚያስጎበኝ በ2005 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ድርጅት አለ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ከታክስ በኋላ ከሚያገኘው ትርፍ 80 በመቶውን እዚያው ለሚሠራ ማኅበራዊ ሥራ ይሰጣል። የሚያሳየውም ሥራውን ነው፤ ፕላስቲክ ሲፈጭ፣ ቆዳ ሲለፋ፣ ሸክላ ሲሠራ። ጎብኚው ሰነፍ ናቸው ብሎ የገባ ካለ አፍሮ ይወጣል።

አደጋን በተመለከተም ልክ ነሽ፤ አደጋ ሁልጊዜ ሰዎች ከሚያስቡት በኩል አይመጣም። በ2017 እ.ኤ.አ. ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ ሮሲኛ የሚባለውን ሰፈር ስትጎበኝ የዋለች ስፔናዊት በጥይት ተገድላለች። የተኮሰው ፖሊስ ነው።

እኔ አሁን የምወስደው መርካቶ ነው። ምናለሽ ተራ ስንገባ ካሜራ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ብረት ቀጥቃጩን መጀመሪያ ሰላም እንላለን። በርሜል ተቀዶ ምድጃ ሲሆን፣ ጎማ ተልጦ በረባሶ ሲሆን ቆመው ያያሉ። ሳይገዛ የሚወጣ የለም። ቡና የምንጠጣው እዚያው ተራው ውስጥ ነው። ከሠራተኞቹ ጋር እንተዋወቃለን፤ የልጆቻቸውን ስም አውቃለሁ። ይህን ቢቀር ይሻላል ብዬ አላምንም።

ሌላው የምናገረው ይሄ ነው። ሥራ ስጀምር ቆሼ ሰው ወስጃለሁ። ሦስት ወይም አራት ጊዜ። እንግዶቹ "እውነተኛውን ከተማ አሳየን" ሲሉኝ የት እንደምወስዳቸው አላውቅም ነበር። "ችግር የለም እማማ፣ ሥራሽን ቀጥይ" ያልሽው ነገር የእኔ አነጋገር ነው። አንቺ ቤት የመጣሁት እኔ ልሁን ሌላ፣ አላውቅም። ፀጉር የምታበጥር ሴት አላስታውስም። ያሳፈረኝ አለማስታወሴ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። እናትሽ በሕይወት ካሉ ለእሳቸውም ንገሪልኝ።

የዘነበወርቅ ልጅ

ወንድሜ፣ አንተ ሆንክም አልሆንክም፣ ይህን ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። አመሰግንሃለሁ።

እናቴ በሕይወት አለች። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ማታ ቁጭ አድርጌ አነበብኩላት፤ የጠያቂውንም፣ የእኔንም፣ የአንተንም። የእኔን ስትሰማ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገረችኝ። "የዚያችን ሴትዮ ጫማ አስታውሳለሁ" አለች። "ነጭ ነበር። ጭቃው አበላሽቶታል። ውሃ ላቀርብላት አስቤ የምትቀመጥበት ዱካ እየፈለግኩ ነበር። ዱካዋን ጎረቤት ወስዳታለች። እሷን ስጠራ እነሱ ሄዱ። ያ ልጅ አቻኮላቸው።"

ይህን ያህል ዓመት እኔ ያፈረችው በቅማሉ መስሎኝ ነበር። እሷን የቆጫት እንግዳ መጥቶባት ሳታስቀምጥ መሄዱ ነው። በሩን ለምን ዘጋሽ ታዲያ ስላት "ደግሞ ቢመጡና መቀመጫ ባይኖረኝስ?" አለችኝ።

ይቅርታህን ተቀብላለች። "መርካቶ ሲወስዳቸው ያስቀምጣቸው" ብላለች። እኔ በጉብኝቱ ነገር አሁንም ከአንተ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ምናለሽ ተራ የሥራ ቦታ ነው፤ ሰው ሥራውን ሲያዩለት አይከፋውም። መኖሪያ ግን ሌላ ነው። ትርፉ 80 በመቶ ሆነ መቶ በመቶ ሆነ፣ ልጅ የሚታጠብበት ደጃፍ ላይ በቡድን መቆም ያው ነው።

የሐዋሳው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ።

የቅዳሜውን ጉብኝት ተውኩት። ሰኞ ምሳ ላይ ባልደረባዬን "እናትህ እንዴት ናቸው?" አልኩት። ሹካውን አስቀመጠ። ስለ እግራቸው አወራኝ፤ ያብጣቸዋል። ማንዳዚ የሚባል በዘይት የሚጠበስ ሊጥ ጠብሰው እንደሚሸጡ ነገረኝ። ቤት ልከራይልሽ ሲላቸው ደንበኞቼን ትቼ የት እሄዳለሁ እንደሚሉት ነገረኝ። እኔም ስለ እናቴ አወራሁት። ሐሙስ ዕለት ራሱ "እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እንሂድ፤ ስለ አንተ ነግሬያታለሁ" አለኝ።

ላይኒ ሳባ የሚባለው በኩል ነው የሚኖሩት። ሐዲዱን ተሻግረን ገባን። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። መሐሉን ፍሳሽ ይወርዳል። እውነትም እንዳልሽው ነው እህቴ። አንዲት ሴት መንገዱ ላይ ልጇን በሳፋ እያጠበች ነበር። ባልደረባዬ ቆመ። "ሆዲ" አለ። ልብ በሉ፣ የማንም ቤት በር ላይ አይደለንም። ሴትዮዋ "ካሪቡ" ብላ ሳፋውን ወደ ግድግዳው ሳብ አደረገችልን። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለፍኩ። አንቺ ባትጽፊው ኖሮ የማየው ልጁን ነበር።

እናትየው አልጋው ላይ አስቀመጡኝ። ከቤት ይዤ የመጣሁት የሲዳማ ጥሬ ቡና ነበረኝ፤ እሱንና ስኳር ሰጠኋቸው። ቡናውን አገላብጠው አዩትና "ይሄ እንዴት ነው የሚሆነው?" አሉ። እስኪ ልቁላው አልኩ። ከሰል ምድጃቸው ላይ፣ ማንዳዚ በሚጠብሱበት ብረት ድስት ቆላሁት። ዘይት የለመደ ድስት ስለሆነ መጀመሪያ ጨሰ። ቀጥሎ ግን ሽታው መጣ። በሩ ላይ አንድ ሰው ቆመ። "ሆዲ" አለ። ሌላ መጣ። መቀመጫ ከጎረቤት ተለቅሞ መጣ። ሙቀጫም ከሦስተኛ ቤት ተገኘ። ጀበና ስለሌለ በድስት አፍልተን በጨርቅ አጠለልነው። እናትየው አራት ማንኪያ ስኳር ጨምረው ጠጡና ልጃቸውን በስዋሂሊ አንድ ነገር አሉት። "ይህን ያህል ጊዜ ወስዶ ይህችን ታህል ብቻ ነው የምትጠጡት?" ማለታቸው ነው። ሁለተኛውንና በረካውን ነገርኳቸው። ሦስቱንም ጠጡ።

ስለ ኑሯቸው አልጠየቅኳቸውም። የጠየቁት እሳቸው ናቸው። እናትህ ስንት ዓመታቸው ነው? ለምን አላገባህም? ሐዋሳ ሐይቅ አለ ይባላል፤ ዓሣው ምን ዓይነት ነው? የአገራቸውን ሐይቅ፣ ቪክቶሪያን፣ በልጅነታቸው እንዴት በጀልባ እንደሚሻገሩት ነገሩኝ። ማየት የፈለግኩትን አየሁ ወይ ካላችሁ፣ ያን ጣሪያ ከውስጥ አየሁት። ሦስት ቦታ በማስቲካ ተደፍኗል። ዝናብ ሲመጣ የሚቀመጡበት ጥግ የትኛው እንደሆነ አሳዩኝ፤ ባልዲው እዚያው ነው።

ፎቶ አንድ ብቻ አለኝ። ሲኒ የለምና በሻይ ኩባያ የተቀዳ ቡና ነው። አንሳው ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ሞምባሳ ላለችው ልጃቸው እንድልክላት።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። የመጨረሻዬን እሑድም ተጠርቻለሁ። ኢስሊ ውስጥ ጀበና የት ይገኛል?

ጋሼ ኢስሊ

አትግዛ ልጄ። እኔ ጋ ትርፍ አለ። አፉ ትንሽ ተሸርፏል፤ ግን አያፈስም። ውታፉ ጠፍቶብኛልና በንጹሕ ጨርቅ ድፈነው። ሲኒም ስድስት እሰጥሃለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ና። አሥር ሰዓት፣ በእኛ።